የአንድ እጅ ደንብ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ የሰው ሥራ መጠየቅ ሆኗል። ባለቤቴ ስህን ወሬኛ ትለኛለች። ዕድሜ ልኩን ሐይቅ ከተማ ሒሳብ ሲያስተምር የኖረ ሰው ጡረታ ወጣ ተብሎ "ለምን?" ማለቱን እንደማይተው ብነግራትም አልሰማ ብላኛለች። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. ሦስት ወጣቶች ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልለው መጥተው ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ክፍል አከራየን ሲሉኝ፣ የኪራዩን ነገር ወደ ጎን ትቼ መጀመሪያ የጠየቅኳቸው እዚያ ውስጥ ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ ነበር።

"ፕሮግራም እንጽፋለን፣ ጋሼ" አለችኝ ፈዲላ።

ፈዲላን አስተምሬያታለሁ። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ አልነበረችም፤ ግን የማትረሳ ተማሪ ነበረች። ሌላው ተማሪ መልሱ ልክ መሆኑን ሲጠይቀኝ እሷ እጇን ታወጣና "ጋሼ፣ ትናንት የእኩል ምልክቶቹን አንዱን ከአንዱ ሥር አሰልፈው ነበር፤ ዛሬ ለምን በታተኗቸው?" ትለኛለች። በጣም ታናድደኝ ነበር። በማግስቱ ግን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዓይኗ ጀርባዬ ላይ እንዳለ ይሰማኝና ምልክቶቹን አሰልፋለሁ። ይኸው ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሳሰልፍ ኖርኩ።

አብረዋት ከመጡት አንዱ ሽታው ይባላል፤ የአምባሰል ልጅ፣ ከግሸን ተራራ ሥር ካለ መንደር። አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት እናቱ ተሾመች ናቸው፤ መሬታቸውን ለእኩል እያሳረሱ አስተማሩት። ዝምተኛ ነው። ሥራ ሲይዝ በከንፈሩ ያፏጫል፤ የሚያፏጨውም የአምባሰልን ቅኝት ብቻ ነው። ሌላው ኡበይድ ነው፤ የሐይቅ ገበያ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ምላሱ የማያርፍ፣ ሳቁ ከግቢው በር ውጭ የሚሰማ። ሦስቱም ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረው፣ ተመርቀው ሥራ ሲያጡ ለራሳቸው ሥራ የፈጠሩ ናቸው።

ጊዜው የለውጡ ሰሞን ነው። ሻይ ቤቱም፣ መናኸሪያውም፣ የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ደጅም ክርክር በክርክር ነበር፤ በፖለቲካ የተኮራረፈ ወንድማማች ስንት አየን። እናም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዚያች ክፍል ጩኸት ስሰማ ድንግጥ አልኩ። እነዚህም ለከፋቸው ብዬ ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ገባሁ።

"ምንድን ነው? በብሔር ነው ወይስ በሃይማኖት?"

"ኸረ በቅንፍ ነው፣ ጋሼ!" አለ ኡበይድ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ጠብ ሰምቼ ስለማላውቅ ሳልረዳው ልወጣ አልቻልኩም። ፕሮግራም ማለት ለኮምፒውተር የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ በመስመር በመስመር ይጻፋል፤ አብረው የሚሄዱ ትእዛዞች በቅንፍ ይታቀፋሉ። ሽታው ቅንፉን እዚያው መስመሩ ጫፍ ላይ ይከፍታል። ኡበይድ ደግሞ ወረድ ብሎ ለቅንፉ የራሱን መስመር ይሰጠዋል። ለኮምፒውተሩ ሁለቱም አንድ ነው።

"ታዲያ ለኮምፒውተሩ አንድ ከሆነ እናንተን ምን ያጣላችኋል?"

"የሚያነበው ኮምፒውተሩ ብቻ አይደለማ" አለች ፈዲላ። "እኔም አነባለሁ።"

ቅንፉስ ቀላሉ ነበር፤ እሱን ራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ አለ አሉኝ። የከበዳቸው ሌላው ሁሉ ነው። ሽታው ብዙ መስመር የሚፈጀውን ነገር አንድ መስመር ላይ ጠቅልሎ ይጽፋል፤ ለነገሮች የሚያወጣላቸው ስም አንዲት ፊደል ናት። ኡበይድ የሚጽፈው እንደሚያወራው ነው፤ ስሙ ረጅም፣ ማብራሪያው ከትእዛዙ የበዛ። አንዱ የሌላውን ለማረም ግማሽ ቀን ማንበብ አለበት። እንዲያውም አይተራረሙም፤ "የሱ ነው፣ ራሱ ይንካው" ብለው ይተዉታል። ፈዲላን ያበሳጫት ይኼ ነው።

"እዚህ ቤት የሱ፣ የሷ የሚባል ኮድ አይኖርም" አለች። "ሦስታችንም እንደ አንድ ሰው እጅ እንጽፋለን።"

ኡበይድ ሳቀ፤ ሽታው ግን አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ለወራት የክፍሏ ሥራ ግማሹ ፕሮግራም፣ ግማሹ ሽምግልና ነበር። በአንዱ ነገር የረታ በሚቀጥለው ይለቃል። ስም የያዘውን ነገር ይናገር ተባለ። አንድ መስመር አንድ ሥራ ብቻ ይሥራ ተባለ። ማብራሪያ የሚጻፈው ትእዛዙ ምን እንደሚያደርግ ሳይሆን ለምን እንደሚያደርግ ለመናገር ብቻ ይሁን ተባለ፤ በዚህኛው ኡበይድ ክፉኛ ተጎዳ። ሽታው ማፏጨቱን ተወ። ግቢ ውስጥ ብቻውን ቆሞ አግኝቼው ምን እንደሆነ ብጠይቀው "ጋሼ፣ አምባሰል የለመደን ሰው ባቲ ዝፈን እንደማለት ነው" አለኝ።

እኔም ነገሩ ከነከነኝ። ይህች ልጅ መተባበርን ወድዳ ነው ወይስ ሰው መጨቆን ያምራታል? በቀጥታ ጠየቅኳት።

"ጋሼ፣ ቅሬ ያውቁ የለ?" አለችኝ።

እንዴት አላውቅም። ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። እኛ ዘንድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀብራል፤ በአንድ ድንኳን ለቅሶ ይቀመጣል።

"አባቴ የሞተ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበርኩ" አለች። "እናቴ መስኡዳ የሰው ለቅሶ ስትሄድ የምትይዘው እህል ቁናውን አይሞላም ነበር። በሻሿ ሸፍናው ነበር የምትሄደው። ድንኳኑ በር ላይ የቆመችው ሴትዮ ግን አታይም፤ ተቀብላ አንድ ጆንያ ውስጥ ገልበጥ ነው። ከተገለበጠ በኋላ የማን ጎደሎ፣ የማን ነቀዝ የበላው እንደሆነ ማን ያውቃል? እናቴ ባዶ ቁናዋን ይዛ ቀና ብላ ትወጣለች። ዩኒቨርሲቲ ሳለን መምህራችን የኔን ኮድ በሰው ፊት ከፍቶ 'ይኼ የማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ' ብሎ አሳቀብኝ። ያን ቀን ያ ጆንያ ነው ትዝ ያለኝ።"

ስንት ዓመት እዚያ ጆንያ ፊት ቆሜ ጆንያ ብቻ ነበር ያየሁት። ከዚያ ወዲህ ለፈዲላ አደላሁ፤ ሽታውም ስለ መስኡዳ ሲሰማ መከራከሩን ተወ። አንድ ቀን ፈዲላ አንድ ገጽ አንብባ "ኡበይድ፣ እዚህ ጋ ጎበዝ ነህ" ስትለው ሽታው ከጥግ "የኔ ነው" አላት። ዘላ ተነሳች። ያን ቀን ለሦስታችንም የሐይቁን ዓሣ ጥብስ ጋበዘችን። በመሳሳቷ እንዲህ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም።

የሚጽፉት ፕሮግራም ለዚሁ ለቅሬ ነበር፤ አባላቱን፣ ተረኛውን፣ ድንኳኑ የት እንዳለ የሚይዝ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከሰሜን ወደኛ ሲገፋ ግን ሥራው ተቀየረ። ከቆቦ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ የተፈናቀለው ሕዝብ ሐይቅን ሞላት። ቅሬዎቹ ሰዉን በየቤቱ ተከፋፍለው አስገቡት፤ እነፈዲላም የትኛው ቤት የትኛውን ቤተሰብ እንደተቀበለ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡ። በጥቅምት 2014 እኛም በተራችን ተፈናቃይ ሆንን። ሦስቱ ከተማውን በለቀቅንበት ዕለት ጠዋት ተለያዩ። ፈዲላ እናቷን ይዛ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ኡበይድ ወደ ባቲ ዘመዶቹ፣ ሽታው ደግሞ "እናቴን ብቻዋን አልተዋትም" ብሎ በውጫሌ መንገድ ወደ አምባሰል። እኔና ስህን አዲስ አበባ ልጃችን ዘንድ ሄድን። ፕሮግራሙ ያለበትን አሮጌ ላፕቶፕ ፈዲላ በገዛ እጇ እዚያችው ክፍል ቆጥ ላይ፣ ጭድ ሥር ደበቀችው። ቦታውን የሚያውቁት፣ የሚከፍተውንም የሚስጥር ቃል የሚያውቁት ሦስቱ ብቻ ነበሩ።

በታኅሣሥ ስንመለስ ቤቴ ፍራሽ እንኳ አልቀረለትም። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ተወስደዋል። ላፕቶፑ ግን ከነጭዱ እዚያው ነበር፤ ጣሪያው ላይ ላፕቶፑን የሚሞሉባትን የፀሐይ ኃይል ሰሌዳም ማንም አላያት። ፈዲላ ከፈተችውና አፏን በእጇ ያዘች።

"ጋሼ፣ ይኼ አልነበረም! ስንሄድ ይኼ አልነበረም!"

በእኛ ስደት ጊዜ አንድ ሰው እዚህ ተቀምጦ አዲስ ክፍል ጽፏል። የጠፋ ሰው የሚፈልግ ክፍል ነው። የሰውየውን ስም ሲነግሩት ካጣው አያቆምም፤ ተጠግቶበት ወደነበረው ቤት ይሄዳል፣ አብረውት የነበሩትን ያያል፣ ማንን መጠየቅ እንደሚሻል ይናገራል። ፈዲላ እያነበበች በደስታ ትቁነጠነጣለች። ስሞቹ በደንቡ፣ መስመሮቹ በደንቡ፣ ማብራሪያዎቹ በደንቡ።

"ማን ጻፈው?" አልኳት።

"እኔንጃ" አለችኝ፣ ኩራት በኩራት ሆና። "አይለይም እኮ!"

"ማን መቼ እንደጻፈ ማሽኑ አይመዘግብም?"

"የሚመዘግበው ሲያዙት ነው፤ የጻፈው ሰው ሳያዝ ነው የሄደው። የላፕቶፑ ሰዓትም ባትሪው አልቆ ዘመኑን ስቶታል። አብሽር ጋሼ፣ ወይ ሽታው ነው ወይ ኡበይድ፤ ሲመጡ እንጠይቃቸዋለን።"

ከሁለቱም ቀድመው የመጡት ግን የሽታው እናት ነበሩ። እትዬ ተሾመች ከመንደራቸው የቅሬ ዳኛ ከአቶ አብዱልሰመድ ጋር ደጄ ላይ ቆሙ። ሽታው ቤቱ አልደረሰም። አንድ ነጋዴ ደግሞ ሽታው ከሐይቅ በወጣበት ቀን፣ ውጫሌ ሳይደርስ በተኩስ መሀል ወድቆ አየሁት ብሎ ለመንደሩ ተናግሯል። ሬሳውን ያየ የለም። ቅሬው ለቅሶ ሊቀመጥ ነው፤ እናቱ ክፍሏ ውስጥ ከዘረፋው የተረፈ ልብሱን ለመውሰድ ነው የመጡት። እኔ አፌ የማያርፍ ሰው ስለ አዲሱ ክፍል ነገርኳቸው። እትዬ ተሾመች ልብሱን መሬት ላይ አስቀምጠው ወደ ፈዲላ ዞሩ።

"ልጄ ጽፎት ከሆነ ከዚያ ቀን በኋላ በሕይወት ነበር ማለት ነው?"

"አዎ፣ እማማ። ይኼ ጽሑፍ ያን ጠዋት አልነበረማ።"

"ታዲያ የሱ ነው?"

ፈዲላ ወደ ላፕቶፑ ዞረች።

"ልጄ ያረሰውን ትልሙን አይቼ አውቀዋለሁ" አሉ። "አንቺ ስንት ዓመት አብረሽው ውለሽ ሥራውን እንዴት አታውቂውም?"

አቶ አብዱልሰመድ እስከ እሁድ ለቅሶውን እንዲያቆዩት ፈዲላ ለመነቻቸው፤ እሺ አሉ። ሁለቱም እኛ ቤት አረፉ። ፈዲላ ከላፕቶፑ ፊት አልተነሳችም። አንዲት ፊደል ብቻ የሆነች ስም ፈለገች፤ የለችም። እንደ ድሮው የተጠቀለለ መስመር ፈለገች፤ የለም። የኡበይድን ወሬ የመሰለ ማብራሪያም የለም። ምግብ ይዤላት ስገባ እያለቀሰች አገኘኋት።

"ጋሼ፣ አንዲት ቦታ ደንቡን ቢጥስልኝ ምናለ! ጨርሼ አጠፋሁት እኮ። እኔ ነኝ እጁን ያጠፋሁት።"

ምግቡን አጠገቧ አስቀመጥኩ። ስህን "የሱ ነው በያቸውና እናትየው ይረፉ" አለቻት። ፈዲላ ራሷን ነቀነቀች። "የኡበይድ ከሆነስ? ልጃቸው ሳይለቀስለት እንዲቀር ላድርግ?" አለች። ሄዳም ከእትዬ ተሾመች እግር ሥር ተቀምጣ እውነቱን ነገረቻቸው። አላውቀውም፣ እንዳላውቀውም ያደረግኩት ራሴ ነኝ አለቻቸው። እትዬ ተሾመች አልተቆጧትም፤ እንዳልሰማ ሰው ልብሱን ያጣጥፉ ጀመር።

"እንግዲያው እሁድ ድንኳኑ ይተከላል" አሉ አቶ አብዱልሰመድ።

አንድ ተስፋ ቀርታ ነበር። የኡበይድ አባት፣ ልጃቸው አፋር አገር ሎጊያ በወባ ታሞ መተኛቱን ከመንገደኛ ሰምተዋል። ስልክ ገና አልተመለሰም። ፈዲላ መንገድ ዳር ቆማ ወደዚያ የሚወርደውን የጭነት መኪና ሹፌር ሁሉ እየለመነች ላከችበት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ ተሾመች ሊሄዱ ነጠላቸውን ሲያደርጉ፣ ኡበይድ ግድግዳ እየተደገፈ ገባ። ያ ሁሉ አካል ልብሱ ውስጥ የለም። ስለ ሽታው የተወራውንም ገና አልሰማም።

ፈዲላ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳትሰጠው "የፍለጋውን ክፍል አንተ ነህ የጻፍከው?" አለችው።

"ጨረስኩት እንጂ" አለ እያሳለ። "የጀመርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

ኡበይድ ግራ ገብቶት አንድ በአንድ አየን። አባቱ ሐይቅ ስለቀሩ ከባቲ ተመልሶ መጥቶ፣ ቀን ቀን እዚህ ክፍል ይደበቅ እንደነበር ነገረን። ላፕቶፑን ሲከፍተው ሥራው ግማሽ ደርሶ ነበር አለ። "ፈዲላ ናት አልኩ። ቀጠልኩላት። ነገሩ ሲከፋ ደግሞ በበረሃው በኩል ወደ አፋር ወጣሁ።"

ፈዲላ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አደረገችለት። "የቱ ጋ ነው ያገኘኸው? ያንተ ከየት ይጀምራል?"

ኡበይድ ወደ ታች ሄደ፤ ወደ ላይ ተመለሰ። "እዚህ ጋ... አይ። ይኼኛው የኔ መሰለኝ... ቆይ።" ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። "ወላሂ አላውቀውም፣ ፈዲላ። የራሴን ለየሁት ማለት አልችልም።"

"እኔ አልጀመርኩትም" አለች።

"እንግዲያው ሽታው ነዋ! ከኛ ሌላ ማን አለ? ደግሞ የታል እሱ?"

እትዬ ተሾመች ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። "ከሄደ በኋላ ተመልሶ ነበር ማለት ነው?" አሉ።

"ተመልሶ ነበር፣ እማማ" አለች ፈዲላ።

"በእግሩ?"

"በእግሩ። ቁጭ ብሎም ሠርቷል።"

አቶ አብዱልሰመድ ከዘራቸውን አነሱ። "አልሐምዱሊላህ። እኛ በጥርጣሬ ለቅሶ አንቀመጥም። ድንኳኑን እንዳያወጡት ልንገራቸው" ብለው መኪና ፍለጋ ወጡ። ሽታው ይህን እስከምጽፍበት ቀን አልመጣም፤ እናቱም ማቅ አልለበሱም። ፈዲላ በዚያው ፕሮግራም የእሱን ስም ትፈልጋለች፤ ከሱ ጋር መንገድ የሄደ የተባለውን ሁሉ እየደወለች ትጠይቃለች።

የዚያን ቀን ግን እትዬ ተሾመች ከአቶ አብዱልሰመድ ጋር አልወጡም። ወንበራቸውን ወደ ላፕቶፑ አስጠጉ።

"የሱ የቱ ነው?"

"አይለይም፣ እማማ።"

"እንግዲያ ሁሉንም አንብቢልኝ።"

ፈዲላ ከላይ ጀመረች። እያንዳንዱን መስመር ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። "እዚህ ጋ የሚፈለገውን ሰው ስም ይቀበላል። እዚህ ጋ ከተገኘ ይናገራል። ካልተገኘ ወደ ቤቱ ይሄዳል..." እትዬ ተሾመች ነጠላቸውን አገጫቸው ላይ ይዘው፣ ልጃቸው ፊት ለፊት ተቀምጦ እንደሚያወራቸው ሁሉ በየመስመሩ "እ... እ..." ይላሉ። ኡበይድ አንድ ሁለቴ ሳለ። ንባቡ ረጅም ነበር፤ እስኪያልቅ ማንም ከክፍሏ አልወጣም።

"አለቀ?" አሉ።

"አለቀ፣ እማማ።"

"እስቲ ከላይ ጀምረሽ ድገሚልኝ። ቅድም ይኼ ልጅ ሲያስል ያመለጠኝ አለ።"

ፈዲላ ደገመችላቸው።